ላቦራቶሪ የሌለው ባለሙያ አዲስ የምርምር አቀራረብ ማምጣት ይችላል? ከቡሬ፣ ከአነደድና ከጎንቻ የተነሣ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ‹የእጅ መታጠብ ልምድና ተዛማጅ ምክንያቶች› የሚል ርዕስ አቅርቤ ነበር። አማካሪዬ ‹ይህ በየወረዳው ተሠርቶ አልቋል፤ አዲስ አቀራረብ ይዘሽ ነይ› አሉኝ። ለመሆኑ በአካባቢ ጤናና በኤፒዲሚዮሎጂ (በበሽታ ስርጭትና መንስኤ ጥናት) አዲስ አቀራረብ የሚመጣው ከየት ነው? ላቦራቶሪና ውድ መሣሪያ የሌለኝ ሰው ምን ማምጣት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አማካሪሽ ያሉሽ አያስከፋሽ። የሰጡሽ ምላሽ ከባድ ቢሆንም ወደ ትክክለኛው ጥያቄ አድርሶሻል። ሰፋ አድርጌ እመልስልሻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እምነቴን ላስቀድም። በእኛ ሙያ አዲስ አቀራረብ ከመሣሪያ የሚወለድበት ጊዜ አለ፤ ግን ያን ያህል ብዙ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው አንድ ሰው በሥራው ላይ የሚያየው ነገር ከለመደው ማብራሪያ ጋር አልገጥም ሲለውና መልሱን ፍለጋ ወደ ሌላ ሙያ ቢሮ ሲሄድ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከጎጃም መውጣት አያስፈልግሽም።

ቡሬን ውሰጂ። በ1998 በዚያ አካባቢ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ቡሬ ወይና ደጋ ናት፤ እንደ ዓባይ በረሃ ወባ ቤቱን የሠራባት አገር አይደለችም። እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት የሚቀርቡት ማብራሪያዎች የታወቁ ናቸው፤ ሙቀቱ ጨመረ፣ ዝናቡ በዛ፣ ጥገኛው መድኃኒቱን ተላመደ፣ የቤት ርጭቱ ዘገየ። ሁሉም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን በአንድ ወረዳ ውስጥ ያሉ፣ አንድ ሰማይ የሚዘንብባቸው ቀበሌዎች ለምን እኩል እንዳልታመሙ አንዳቸውም አይነግሩንም።

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት። የወባ ትንኝ እጭ ምን ይበላል? እኛ የአካባቢ ጤና ሰዎች ውኃ ካቆረ እጭ አለ ብለን ማሰብ ለምደናል። በክረምት በየደጃፉና በየበሬው ኮቴ ዱካ ላይ የሚያቁረው ደፍራሽ ውኃ ግን ለእጭ ምግብ የሚያንሰው ነው፤ እጩ ይሞታል ወይም ቀጭጮ ያድጋል። በ2000 የታተመ ጥናት በአኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ ማለትም በአገራችን ዋና የወባ አስተላላፊ ላይ ያሳየው ነገር ትኩረት ሳበ። ከሚያብብ በቆሎ አጠገብ ባለ ውኃ ውስጥ ያሉ እጮች ከበቆሎው የሚረግፈውን የአበባ ብናኝ ይበላሉ፤ ቶሎ ያድጋሉ፣ በብዛት ይተርፋሉ፣ ትንኝ ሆነው ሲወጡም ትልልቆች ናቸው። ትልቅ ትንኝ ዕድሜዋ ሊረዝም ይችላል። የወባ ጥገኛ በትንኟ ሰውነት ውስጥ እስኪበስል ብዙ ቀን ስለሚፈልግ ጥቂት ቀን ብቻ የምትኖር ትንኝ ወባ አታስተላልፍም፤ ዕድሜዋ ሁሉንም ይለውጠዋል።

በዚያው ዘመን የጎጃም ማሳ ራሱ ተለውጦ ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የያዘው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ሲስፋፋ በቆሎ በቡሬ በኩል ብዙ መሬት ያዘ። ቢ.ኤች. 660 የተባለው ዝርያ ምርቱ ከፍ ያለ፣ ግን ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ስለዚህ የሚያብበው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውኃው በየቦታው አቁሮ ትንኝ በምትራባበት ሰሞን ነው። በቆሎ ደግሞ ከጓሮ ስለሚዘራ ብናኙ የሚወርደው ሰው ከሚተኛበት ግድግዳ ሥር ካለው ኩሬ ላይ ነው። በ2005 አስናቀው ከበደ፣ የእርሻ ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካንና ባልደረቦቻቸው የበቆሎውን ስፋትና የወባውን ክስተት ጎን ለጎን አስቀምጠው ያገኙትን አሳተሙ፤ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ ድምር ክስተት በቆሎ ጥቂት ከሚዘራባቸው ቦታዎች 9.5 እጥፍ ነበር።

በዚያ ቡድን ውስጥ ማን ማን እንዳለ ልብ በዪ። የነፍሳት ባለሙያ አለ፣ የወባ ሰው አለ፣ የታሪክ ምሁር አለ። «ይህ ዘር ወደዚህ አገር መቼ ገባ? ገበሬው ከቤቱ በስንት እርምጃ ላይ ይዘራዋል?» ብሎ መጠየቅ ለታሪክ ምሁር የዕለት ሥራው ነው፤ በእኛ መጠይቅ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዓምድ የለም።

ያ ጥናት ጉዳዩን ዘጋው ማለቴ ግን አይደለም። የተነጻጸሩት ቦታዎች እንጂ ሰዎች አይደሉም። በቆሎ የሚበዛበት ቦታ ዝቅ ያለና ሞቃት ሊሆን ይችላል፤ ለጤና ጣቢያ የቀረበ ከሆነም ሕመምተኛው በብዛት ይመዘገባል። ጥናቱን ያጠናከረው ከቁጥሩ በፊት የመጣው የእጩ ሙከራ ነው፤ በቆሎው ወባን የሚያባብስበት መንገድ አስቀድሞ ታውቆ ነበርና 9.5 የሚለው ቁጥር ብቻውን አልቆመም። የቁጥር ዝምድና ይዞ መንገዱን ኋላ መፈለግ ግን ማንም የፈለገውን ታሪክ እንዲተርክ በር ይከፍታል። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ የብዙ ተማሪዎቻችን ጽሑፍ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዝሆኔ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ኤልያስ፣ አነደድ በኩል ያደገ ሰው እግሩ ያበጠ ዘመድ ወይም ጎረቤት አያጣም። ሕመምተኛው የሚሸከመውን እፍረት ታውቂዋለሽ፤ «ክፉ ነገር ረግጦ ነው»፣ «የዘር ነው» እየተባለ ከሰርግና ከማኅበር ይርቃል፣ ልጆቹም ለትዳር ይታማሉ። ሕክምናው ዓለም ደግሞ እግር ካበጠ ትንኝ የምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል ነው ይል ነበር። ይህ ማብራሪያ በደጋ አይገጥምም። ትሉ በሌለበት ቀዝቃዛ አገር ሕመሙ ሞልቷል፤ የሚጀምረውም ከእግር ጣት ነው።

ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በዚህ ላይ የሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሕሙማኑን ሆስፒታል ቁጭ ብሎ አልጠበቃቸውም። ዝሆኔ ያለበት ሰው ሆስፒታል ባይመጣም ገበያ ይመጣል፤ ስለዚህ በየገበያው ቀን የሚያልፉ እግሮች ተቆጠሩ። ከዚያ የቆጠራው ውጤት ከአፈሩ፣ ከከፍታውና ከዝናቡ ካርታ ጋር ተነጻጸረ። ሕመሙ ቀዩን የእሳተ ገሞራ ሸክላ አፈር፣ ከፍታውንና ብዙ ዝናብን ተከትሎ ተገኘ። በባዶ እግር የሚረገጠው አፈር ደቃቅ ማዕድን በቆዳው በኩል ገብቶ የሊምፍ መተላለፊያውን ያቆስላል የሚለው ሐሳብ በዚህ መንገድ ተጠናከረ፤ በሕሙማን የሊምፍ ዕጢ ውስጥም የማዕድን ቅንጣቶች ታዩ። ሕመሙን ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ የምንለው እሱ ባወጣለት ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ አቀራረብ የተነሣው የቀደመው ሳይመልሰው ከተወው ነገር ነው። አፈሩን ሁሉም በባዶ እግሩ ይረግጣል፤ ለምን ሁሉም አይታመምም? ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 ከሰውነት መከላከያ ጋር በተያያዘው ኤች.ኤል.ኤ. በተባለው የዘረ መል ክፍል ላይ የተጋላጭነት ልዩነት አገኙ። እንግዲህ «የዘር ነው» የሚለው የአገር ሰው ንግግር ከነጭካኔው አንድ እውነት ይዞ ነበር፤ አፈሩ ባይኖር ግን ዘሩ ብቻውን አያሳምምም። የትኛው አፈር ነው የሚለው ደግሞ እዚሁ ተፈተነ፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም ናሙና ተወስዶ በ2014 በታተመው ጥናት ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ደግሞ አገሪቱን በሙሉ ካርታ ላይ አወጡት።

እኔን በተለይ የሚነካኝ ግን በአነደድ ወረዳ የተደረገው ሙከራ ነው። ለዓመታት «እግር መታጠብና ጫማ ማድረግ ይረዳል» እንል ነበር፤ ይህን በዕጣ በተመደበ ሙከራ ያረጋገጠ ግን አልነበረም። በአነደድ 696 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው አንደኛው ቡድን ወዲያው፣ ሁለተኛው ከአንድ ዓመት በኋላ የእግር እጥበት፣ የቅባት፣ የፋሻ፣ የካልሲና የጫማ አገልግሎት አገኘ። በ2018 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፤ ትኩሳትና ሕመም ይዞ የሚነሣው ድንገተኛ ሕመም አገልግሎቱን ባገኙት ላይ በዓመት በአንድ ሰው 19.4 ጊዜ፣ ባላገኙት ላይ 23.9 ጊዜ ደረሰ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስል ይሆናል። እያንዳንዱ ክስተት ግን ገበሬውን ለቀናት አልጋ ላይ የሚያውል ነው። በዓመት ከአሥራ ዘጠኝ ጊዜ በላይ፣ ከታከመም በኋላ! ይህን ቁጥር ተማሪዎቼ እንዲረሱት አልፈልግም፤ የሕመሙን ክብደት እንደዚያ ቆጥሮ ያሳየን አልነበረም።

ሦስተኛው ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ነው፤ ያልተፈለገ ግኝት እንዴት አዲስ የምርምር መስመር እንደሚከፍት ያሳያል። ታና በተባለው የትራኮማ ሙከራ ከ2006 ጀምሮ በወረዳው 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመድበው አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተለያየ ድግግሞሽ ተሰጠ። ዓላማው ዓይን ነበር፤ ስለ ዓይንም ትልቅ ነገር ተገኘ። መድኃኒቱ ለልጆች ብቻ ሲሰጥ ባልወሰዱት ትልልቆችም ላይ ኢንፌክሽኑ ቀነሰ። በሌላው የጥናቱ ክፍል መጸዳጃ ቤት በስፋት ቢሠራም ከመድኃኒቱ በላይ የሚታይ ለውጥ በኢንፌክሽኑ ላይ አልተገኘም። ለእኛ ሙያ ይህ መራራ ውጤት ነው፤ ግን ታትሟል፣ መታተምም ነበረበት።

ለሙከራው ሲባል በየጊዜው የሕዝብ ቆጠራ ይደረግ ነበር። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ ይመዘገባል። ያን መዝገብ ስለ ሞት ሲጠይቁት፣ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ካልተሰጠባቸው በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ አገኙት። ይህ በ2009 ታተመ። ከዚያም ሞርዶር የተባለው ትልቅ ሙከራ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ከ1 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ተደረገ። በ2018 የታተመው ውጤት የሞት ቅነሳውን 13.5 በመቶ አደረሰው። ከግማሽ ወደ 13.5 መውረዱን በደንብ አጢኚው፤ ዕድሜው ይለያል፣ አገሩ ይለያል፣ የመጀመሪያ ግኝት በትልቅ ጥናት ሲፈተን ማነሱም የተለመደ ነው። ጎንቻ ላይ ጀርሞች መድኃኒቱን የመላመድ ምልክት ማሳየታቸውም አብሮ የተመዘገበ ነው። ቢሆንም በሦስት አገር የተካሄደ ሙከራ የተነሣው በግንደወይን ዙሪያ ቤት ለቤት ከተሞላ የቆጠራ ቅጽ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ርዕስ ልምጣ። «ስርጭትና ተዛማጅ ምክንያቶች» የሚለው አሠራር በሽታ ምን ያህል እንዳለ ሳይታወቅ ጠቃሚ ነው። ከታወቀ በኋላ ግን ያው መጠይቅ ይታተማል፣ ያው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተባለው ስሌት ይሠራል፣ ፒ ቫልዩው (የስታቲስቲክስ መለኪያው) ከ0.05 በታች የወጣው ሁሉ «ተዛማጅ» ይባላል፤ የእናት ትምህርት፣ ገቢ፣ የውኃ ርቀት። ምን ምንን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ስላልታሰበበት በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ምክንያቱም፣ የምክንያቱ ውጤትም፣ አደናጋሪውም (ምክንያቱንም በሽታውንም የሚነካው ሌላ ነገር) ተደባልቀው ይቀመጣሉ። መጠይቅ ከማዘጋጀትሽ በፊት ምን ወደ ምን እንደሚሄድ በቀስት ሣይው። ግሪንላንድ፣ ፐርልና ሮቢንስ በ1999 ለኤፒዲሚዮሎጂ ያስተዋወቁት የምክንያት ሥዕል የሚፈልገው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው፤ የትኛውን ተለዋዋጭ ማስገባት፣ የትኛውን መተው እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ተቅማጥ የሚያሳስብሽ ከሆነ የምመክርሽ ይህን ነው። ጤና ጣቢያሽ ውስጥ የዓመታት የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ አለ። ወደ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2፣ ማለትም ወደ ጤና መረጃ የኮምፒውተር ሥርዓቱ፣ የሚገባው የወር ድምር ነው፤ ቀኑ እዚያ ይጠፋል። በእጅ የተጻፈው መዝገብ ግን ቀን ይዟል። ጥያቄሽን «ከከባድ ዝናብ በኋላ በስንተኛው ቀን፣ በምን ያህል የልጆች ተቅማጥ ይጨምራል?» አድርጊው። ለዚህ የሚሆነው ማክሉር በ1991 ያቀረበው የኬዝ ክሮስኦቨር ዘዴ ነው። እሱ ሲያስበው ጥያቄው ድንገተኛ የልብ ሕመም (የልብ ጥቃት) ከመነሣቱ በፊት ሰውየው ምን ሲሠራ ነበር የሚል ነበር። በዘዴው አንድ ልጅ የሚነጻጸረው ከሌላ ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው፤ ከታመመበት ቀን በፊት የዘነበው ዝናብ ካልታመመበት ቀን በፊት ከዘነበው ጋር ይተያያል። የእናት ትምህርት፣ ገቢ፣ የምንጩ ርቀት በዚያ አጭር ጊዜ ስለማይለወጡ በራሳቸው ይጣጣማሉ፤ ስለ እነሱ አንድም መጠይቅ አትሞይም። የዝናቡን መረጃ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ቺርፕስ የተባለው ከሳተላይትና ከጣቢያ የተውጣጣ መረጃም ከ1981 ጀምሮ በየቀኑ በነፃ ይገኛል።

አገርሽን የማወቅሽ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ የሚጨናነቀው በገበያ ቀን ነው፤ ስለዚህ ማነጻጸሪያ ቀን ስትመርጪ በዚያው ወር ውስጥ ያለውን ያንኑ የሳምንት ቀን ውሰጂ፣ ማክሰኞን ከማክሰኞ ጋር። የበዓላቱ ነገር ግን እንዲህ አይፈታም። በ12፣ በ21፣ በ29 ገበሬው ስለማያርስ ልጁን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እነዚህ ቀኖች ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ በዓል መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ተለዋዋጭ ለብቻው አስገቢ። ሌላ አገር የተሰናዳ የትንተና ቅጽ ይህን አይነግርሽም።

ሌላም ችግር አለ። ክረምት ወንዝ ሲሞላ ሰው ጤና ጣቢያ መድረስ አይችልም፤ ልጁ ቢታመምም መዝገቡ ላይ አይታይም። ዝናቡ ተቅማጥ የቀነሰ መስሎ ሊታይሽ ይችላል። ይህን ለመለየት ከዝናብ ጋር የማይገናኝ ሕመም፣ ለምሳሌ የጥርስ ሕመም፣ ከዚያው መዝገብ አውጪና በዚያው ዘዴ ተንትኚው። የጥርስ ሕመምም ከዝናብ በኋላ ከቀነሰ ያየሽው መንገድ መዘጋቱን ነው። ሊፕሲችና ባልደረቦቹ በ2010 «አሉታዊ መቆጣጠሪያ» ብለው ያብራሩት ሐሳብ ይህ ነው። በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ ብዙም አላየሁትም፤ ለአማካሪሽ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይህ ክፍል ይመስለኛል።

የእጅ መታጠቡንም አትጣይው። ከዝናብ በኋላ ተቅማጥ የሚብሰው ምንጫቸው ባልተከለለ ቀበሌዎች መሆን አለመሆኑን ከወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ዝርዝር ጋር ማነጻጸር ትችያለሽ። ልዩነት ካለ ጉዳዩ የውኃው ምንጭ መሆኑን ያመለክታል፤ ከሌለ እጅን፣ ዝንብንና በዓይነ ምድር የተበከለ ማሳን ማየት ይኖርብሻል።

ለመጀመር ብዙ አትጠብቂ። የዲን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ከማመልከትሽ በፊት ኃላፊሽን አስፈቅደሽ የአንድ ክረምትና የአንድ በጋ ወር ገጾችን ገልጠሽ እዪ። ቀን፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የሕመሙ ዓይነት ካልጎደሉ ጥናቱ ይሠራል። በአንድ ቀን ስም የብዙ ቀን ሕሙማን ተጠራቅመው ከተጻፉ ግን የቀን ትንተናውን ትተሽ በሳምንት ሥሪው፤ ጥያቄው አይለወጥም። የሕሙማንን ስም አትቅጂ፤ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተጻፈ ገልብጠሽ በኋላ በኮምፒውተር ቀይሪው፣ በእጅ ሲቀየር ጳጉሜን ላይ ይሳሳታልና። ከዚያ የምክንያት ሥዕሉን፣ የሁለቱን ወር ቆጠራና የጥርስ ሕመሙን ማነጻጸሪያ በሁለት ገጽ አድርገሽ ለአማካሪሽ ውሰጂላቸው።